«ያንን የቻይና ቅጠል ላክልኝ»

አክስቴ ደወሉልኝ። ሰላምታው እንደ ወትሮው ረጅም ነው። ስለ ጤና፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ ካወራን በኋላ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ያ አንተን ያዳነህ የቻይና ቅጠል የለም? እስቲ ለእኔም ላክልኝ። ደረቅ ሳል ይዞኝ ሁለት ወር ሞላኝ።»

ጥፋቱ የራሴ ነው። ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ በመጣሁበት ዓመት ጉንፋን ይዞኝ የጠጣሁትን ጥቁር ውሃ በቪዲዮ እያሳየሁ ቤተሰቡን ሁሉ ሳስቅ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ «ተሻለኝ» ብዬ አወጅኩ። እትዬ ያንን አልረሱም። እትዬ ደግሞ የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰው ናቸው፤ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ በየቀኑ ይወስዳሉ። «አይሆንም» ማለቱ ቀላል ነበር። ለምን እንደማይሆን ማስረዳቱ ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀ፣ ኔትወርኩም ሦስት ጊዜ ተቆራረጠብን። ያልኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፤ ቻይና ያለ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚጠይቀው ነገር ስለሆነ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ያን ጊዜ ጉንፋኑ የያዘው እኔን ብቻ አልነበረም። የክፍል ጓደኛዬም ታማ ነበር። አንድ ሳምንት፣ አንድ ዶርም፣ ምናልባትም አንድ ቫይረስ። አንድ ሐኪም ጋ አብረን ገባን፤ ስንወጣ ግን የያዝነው ሁለት የተለያየ ጥቅል ነው። የእኔ ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል፣ ዝንጅብልም አለበት። የእሷ ውስጥ የደረቁ ትንንሽ ቢጫ አበቦች ይታያሉ። መድኃኒት ቤቱ ያደባለቀብን መስሎኝ ተመልሼ ልጠይቅ ነበር።

አልተደባለቀም። ጠቅላላው ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሐኪሙ የጠየቀኝ ጥያቄ ከለመድነው የተለየ ነበር። ላብ ያልብሃል? ይጠማሃል? ሲጠማህ የምትፈልገው ቀዝቃዛ ውሃ ነው ወይስ ሙቅ? ብርድ ብርድ የሚልህ ስትለብስ ይተውሃል ወይስ አይተውህም? እንቅልፍስ? ሆድህስ? ቀጥሎ ምላስህን አውጣ አለኝና ቀለሙን፣ ውፍረቱን፣ ላዩ ላይ ያለውን ሽፋን አየ። ከዚያ እጄን ትንሽ ትራስ ላይ አስቀምጦ ሦስት ጣቶቹን አንጓዬ ላይ አሳረፈ፤ መጀመሪያ ቀስ አድርጎ፣ ቀጥሎ ጫን ብሎ። ግራውንም ቀኙንም። የልብ ምት እየቆጠረ አልነበረም። ሰዓትም አላየም።

ይህ አራቱ ምርመራ ይባላል፦ ማየት፣ መስማት፣ መጠየቅ፣ መዳሰስ። «መስማት» የሚለው የቻይንኛ ቃል ማሽተትንም ይጨምራል። እኛም «ሽታው አይሰማህም?» ስለምንል ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። የአንጓው ነገር ግን ከባድ ነው። ሦስቱ ጣት ያረፈባቸው ሦስት ቦታዎች እያንዳንዳቸው የአንድ የውስጥ አካል ወሬ ይናገራሉ ይባላል። የልብ፣ የጉበት፣ የኩላሊት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የምቱም ዓይነት ብዙ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሊ ሺጀን 27 ዓይነት ምት ቆጥሯል። እውነቱን ለመናገር እኔ ይህኛው አልተዋጠልኝም። ከጣቶቹ ሥር ያለው አንድ ደም ቅዳ ነው፤ አንድ ደም ቅዳ ጣት ለጣት በተጠጉ ቦታዎች ስለተለያየ አካል ሊያወራ የሚችልበትን መንገድ አናቶሚ አያውቅም። ምላሱና ጥያቄው ግን የተለየ ነገር ነው። እዚያ ውስጥ የትኛውም ጥሩ ሐኪም ሊያውቀው የሚፈልገው መረጃ አለ።

በመጨረሻ ሐኪሙ የጻፈልን የበሽታ ስም አልነበረም። የበሽታ መልክ ነው። ቻይናዎች «ጀንግ» ይሉታል። እኔ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ አይጠማኝም፣ የሚወርደው ንፍጥ ውሃ ነው፣ የምላሴ ሽፋን ነጭና ስስ ነው። ስለዚህ የእኔ «የንፋስና የብርድ» መልክ ሆነ። ጓደኛዬ ጉሮሮዋ ይቃጠላል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያምራታል፣ የምላሷ ጫፍ ቀይ ነው። የእሷ «የንፋስና የሙቀት» ተባለ። ለብርዱ የሚያሞቅ፣ ለሙቀቱ የሚያቀዘቅዝ። ያ ቢጫ አበባ ሀኒሰክል የሚባል ሐረግ አበባ ነው፤ ለሙቀት መልክ የሚሰጥ።

ንፋስ፣ ብርድ፣ ሙቀት ሲባል ቴርሞሜትር የሚለካው ነገር እንዳይመስላችሁ። «ምች መታኝ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ላቦራቶሪ ሄደን «ምች መርምሩልኝ» ግን አንልም። ቃሉ ብዙ ምልክቶችን አንድ ላይ አስሮ «እንግዲህ ይህን አድርግ» የሚል መመሪያ ነው፣ ዳማከሴውን አምጡ እንደ ማለት። የቻይናው መልክም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲጻፍ፣ ሲከራከሩበት፣ ሲታረም መቆየቱ ነው።

ስለዚህ የሙያው ሰዎች የሚደጋግሙት አባባል አለ፤ አንድ በሽታ፣ የተለያየ ሕክምና፤ የተለያየ በሽታ፣ አንድ ሕክምና። ሁለት ጉንፋኖች ሁለት ጥቅል ያገኛሉ። በተቃራኒው አንዱ ሆዱን አሞት፣ ሌላው እንቅልፍ አጥቶ ቢመጡና መልካቸው አንድ ነው ከተባለ አንድ ዓይነት መድኃኒት ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ላይ ደርሰናል። «ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መድኃኒት» ሲባል ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ከባዶ አዲስ ነገር የሚፈጥር ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። መነሻው የታወቀ፣ ስም ያለው አሮጌ ቅመማ ነው። ከዚያ ላይ ይጨመራል፣ ይቀነሳል።

ምሳሌውን ከምንጩ ልውሰድ። በሀን ሥርወ መንግሥት መጨረሻ፣ 200 ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ ጃንግ ጆንግጂንግ የሚባል ሰው ነበር። ጽሑፉ መግቢያ ላይ ከ200 በላይ ከነበሩት ዘመዶቹ በ10 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው እንዳለቁ፣ አብዛኞቹን የገደላቸውም ትኩሳት ያለበት በሽታ እንደሆነ ይናገራል። በሽታውን ለመረዳት የተቀመጠው በዚህ ሐዘን ነው። እሱ ከተወልን ቅመሞች አንዱ አምስት ነገር ብቻ ነው ያለው፤ የቀረፋ ቅርንጫፍ፣ ፒዮኒ የሚባል አበባ ሥር፣ ዝንጅብል፣ ጋንጻኦ የሚባል ጣፋጭ ሥር (ሊኮሪስ የሚባለው ነው)፣ አምስተኛው ደግሞ የኛው ቁርቁራ የቅርብ ዘመድ የሆነ ቀይ ፍሬ። የሚሰጠው ብርድ ብርድ እያለው ለሚያልበው ሰው ነው። ብርድ ብርድ እያለው ላብ እምቢ ላለው ሌላ ቅመማ አለ፣ ኤፌድራ የተባለ ላብ የሚያወጣ ተክል ያለበት። እንግዲህ ሁለቱን የሚለያቸው ያቺ «ላብ ያልብሃል?» የምትለዋ ጥያቄ ናት። ሐኪሙ እኔን ሲጠይቀኝ ዝም ብሎ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

አምስቱን ነገር ይዛችሁ ቆዩ። በሽተኛው አንገቱ ከደረቀበት ኩድዙ የሚባል ሥር ይጨመርበታል። ሆዱን ከቆረጠው ምንም አዲስ ነገር ሳይጨመር የፒዮኒው መጠን ብቻ እጥፍ ይሆናል። ያው አምስት ነገር፣ አንዱ ብቻ በእጥፍ፣ ዓላማው ግን ከትኩሳት ወደ ሆድ ቁርጠት ዞረ። በርበሬውን ሳትነኩ ሽንኩርቱን ብቻ እጥፍ ብታደርጉት ወጡ ሌላ ወጥ እንደሚሆነው ማለት ነው።

መቀነሱም እንደ መጨመሩ ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ቺየን ዪ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ከጃንግ ስምንት ነገር ያለበት ክኒን ላይ ሁለቱን የሚያሞቁትን፣ ማለትም ቀረፋውንና አኮኒት የሚባለውን ሥር፣ ለሕፃን አይሆኑም ብሎ አወጣቸው። የቀረው የስድስት ነገር ክኒን ዛሬም ቻይና ውስጥ በየመድኃኒት ቤቱ ይሸጣል፤ የሚገዙት ደግሞ በብዛት አዋቂዎች ናቸው። ነገር እንዲህ ይዞራል።

ቅመማው ውስጥ ሥልጣን አለ። አንዱ ንጉሥ ነው፤ ዋናውን ሕመም የሚገጥመው እሱ ነው። ሚኒስትር ያግዘዋል። ረዳቱ ጎን ለጎን ያለውን ምልክት ይይዛል፣ ወይም የንጉሡን ቁጣ ያበርዳል። መልእክተኛው ነገሩን ወደሚፈለግበት ያደርሳል ይባላል፣ ሁሉንም ያስማማል። ይህን የማስማማት ሥራ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ጋንጻኦው ነው፤ ሽማግሌ በሉት። አብረው መግባት የሌለባቸው ዕፆች ዝርዝርም አለ፣ ተማሪዎች እንደ ግጥም የሚሸመድዱት።

መድኃኒት ቤቱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የእንጨት መሳቢያ ነው፤ መቶ መሳቢያ ብትሉኝ አላጋነናችሁም። ባለሙያዋ ወረቀቱን አየት አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቡናማ ወረቀት ዘረጋች፣ አንዱ ለአንድ ቀን። መሳቢያ ትስባለች፣ በእጅ በምትያዝ ትንሽ ሚዛን ትመዝናለች፣ የመዘነችውን ለሦስት ታካፍላለች። ዘጠኝ ግራም፣ ስድስት ግራም። አታደባልቀውም፤ እያንዳንዱን ለብቻው በየወረቀቱ ጥግ ጥግ ታስቀምጠዋለች። ለምን እንደሆነ የገባኝ ሌላ ሰው መጥቶ አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር ሲያመሳክር ነው። ከተደባለቀ ማን ያየዋል? ከዚያ በኋላ ብቻ ጠቀለሉት።

አፈላሉም ሥርዓት አለው። በሸክላ ድስት ነው፣ የብረት አይመከርም። ግማሽ ሰዓት ያህል በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይፈላል፣ እሳቱ ይቀነስለታል፣ ይጠለላል። እንደገና ውሃ ተጨምሮበት ይፈላል፤ እንደ ቡናችን ሁለተኛ መሆኑ ነው። የሁለቱ ውሃ ተቀላቅሎ ለጠዋትና ለማታ ይከፈላል። ሁሉም ዕፅ አብሮ አይገባም። ድንጋይና ቀንድ አውጣ ቅርፊት ነክ የሆነው ቀድሞ ይጣዳል፤ ናና የመሰለ መዓዛ ያለው መጨረሻ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። ጤና አዳምን ስኒው ላይ እንጂ ጀበናው ውስጥ እንደማንቀቅለው። ጣዕሙን አትጠይቁኝ።

አሁን አሁን ብዙ ወጣት ቻይናዊ ይህን አያደርግም። መድኃኒት ቤቱ አፍልቶ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ ይሰጠዋል፣ ወይም እንደ ኔስካፌ በሙቅ ውሃ የሚሟሟ ዱቄት ይወስዳል።

እሺ፣ ይሠራል ወይ?

ጓደኛዬም እኔም ዳንን። ግን ጉንፋን ነበር። ምንም ባንጠጣስ? ጉንፋን ሰውን ለቅቆ የሚሄድ በሽታ ስለሆነ የእኔ «ተሻለኝ» ማስረጃ ሊሆን አይችልም፣ እትዬም ያመኑት ያንን ነበር።

ጥያቄው ሁለት ነው፤ ሰዎች ግን አንድ ያደርጉታል። አንደኛው ዕፆቹ ይሠራሉ ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ለየሰው መለየቱ ጥቅም ይጨምራል ወይ የሚል። ሁለተኛውን በደንብ የፈተነ ጥናት በጣም ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱ ውስጥ እኔ የምወደው 1998 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣው የአውስትራሊያ ሥራ ነው። አንጀታቸው እየተቆጣ ለዓመታት የሚቸገሩ 116 ሰዎች ለሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ለእያንዳንዱ ሰው የተቀመመ የቻይና ዕፅ ወሰደ። ሁለተኛው ለሁሉም አንድ የሆነ የተዘጋጀ ቅመማ። ሦስተኛው ምንም የሌለበት አስመሳይ። ማን ምን እንደሚወስድ በሽተኞቹ አያውቁም። ከ16 ሳምንት በኋላ ሁለቱም ዕፅ የወሰዱት ከአስመሳዩ ይልቅ ተሽሏቸዋል። ለየሰው የተቀመመው ግን ለሁሉም ከተዘጋጀው አልበለጠም! እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የመለየቱ ድካም ከንቱ ነው ባልኩ ነበር። ነገር ግን ሕክምናው ካቆመ ከ14 ሳምንት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ መሻሉ የቆየላቸው በግል የተቀመመላቸው ብቻ ሆኑ። አንድ ጥናት ነው፣ ትንሽ ነው፣ አንድ በሽታ ነው። ሁለቱም ወገን ለራሱ የሚጠቅመውን ግማሹን ብቻ እየጠቀሰ ሲከራከርበት አይቻለሁ።

2007 ላይ ተመራማሪዎች ለየሰው የሚቀመም የዕፅ ሕክምናን የሚፈትኑ ጥናቶችን፣ የቻይናውን ብቻ ሳይሆን የአውሮፓውንም ጨምረው ሲያስሱ መስፈርታቸውን ያሟላ ያገኙት ሦስት ብቻ ነው። ድምዳሜያቸው አሳማኝ ማስረጃ የለም የሚል ነበር። ይህ «አይሠራም ተብሎ ተረጋገጠ» ከማለት ይለያል፤ «ይሠራል» ብሎ ገንዘብ ለሚቀበል ሰው ግን መከላከያ አይሆነውም።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ የቁርጥማት በሽተኞችን ሦስት የቻይና ሕክምና ባለሙያዎች ለየብቻ አዩአቸው። በመልኩ ላይ የተስማሙት ከሦስት አንድ ጊዜ እንኳ አልሞላም። አንዱ ብርድ ሲል ሌላው ሙቀት። ለእኔ የተቀመመው ጥቅል በእርግጥ ለእኔ የተቀመመ ነው ወይስ ያን ቀን ለገጠመኝ ሐኪም? ቡና ቤት ቀይሬ ቢሆን ኖሮ ሌላ ቡና እንደምጠጣው፣ ሐኪም ቀይሬ ቢሆን ሌላ ጥቅል ይዤ እወጣ ነበር ማለት ነው። በዘመናዊው ሕክምና «ለግለሰቡ የተለየ» ሲባል፣ ለምሳሌ የጡት ካንሰር ላይ ሄር ሁለት የተባለው ምርመራ ተሠርቶ መድኃኒት ሲመረጥ፣ ናሙናው ሌላ ላቦራቶሪ ቢሄድም ያው ውጤት እንዲመጣ ይጠበቃል። ቃሉ አንድ ቢመስልም ነገሩ ለየቅል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት 2019 ላይ ያጸደቀው፣ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች መለያ ዝርዝር ስለ ባህላዊ ሕክምና ምዕራፍ አለው፣ እነዚህ መልኮች እዚያ ውስጥ ገብተዋል። «ድርጅቱ አረጋገጠው» ብሎ የሚያስታውቅ ካጋጠማችሁ ልክ አይደለም። መዝግቦ ለመቁጠር ነው የገባው።

ደግሞ ይህ ክርክር የፈረንጅና የቻይና ብቻ እንዳይመስላችሁ። 1076 ላይ የሶንግ መንግሥት በዋና ከተማው ካይፈንግ የመንግሥት መድኃኒት ቤት ከፍቶ የተዘጋጀ ቅመማ ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። ርካሽ፣ ፈጣን፣ ለሁሉም አንድ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጁ ጀንኸንግ የሚባል ሐኪም ተነሥቶ «ሰዉን ሳታዩ እንዴት መድኃኒት ትሸጣላችሁ» የሚል ይዘት ያለው ትችት ጻፈበት። ዛሬም ያው ነው። በኮቪድ ጊዜ ቻይና ውስጥ ሊያንኋ ቺንግወን የሚባል የተዘጋጀ ካፕሱል ለብርዱም ለሙቀቱም መልክ ሳይለይ በየቤቱ ሲታደል አንዳንድ የባህል ሐኪሞች ራሳቸው «ይህ የእኛ ዘዴ አይደለም» ብለው አጉረምርመዋል።

ከቻይና ዕፅ ዓለምን ያዳነው ደግሞ መለየቱን ሙሉ በሙሉ የጣለው ነው። ቱ ዮዮ የምትባል ቻይናዊት ተመራማሪ የወባ መድኃኒት ስትፈልግ ጌ ሆንግ የተባለ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ጽሑፍ ላይ አንድ እፍኝ የቺንግሃኦ ዕፅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ የሚል አነበበች። አፍላው አይልም! ሙቀቱ እያበላሸው ይሆናል ብላ በዝቅተኛ ሙቀት አውጥታ ሞከረችው፣ ሠራ። አርቴሚሲኒን ከዚያ መጣ፣ እሷም 2015 ኖቤል ተሸለመች። ተክሉ የኛው የጭቁኝ ዘመድ ነው። ኮአርተም የዋጠ ሁሉ የዚያ ዕፅ ልጅ የሆነ ነገር ውጧል፤ ኢትዮጵያም ከ2004 ጀምሮ ዋና የወባ መድኃኒቷ አድርጋዋለች። ኮአርተም ሲሰጣችሁ ማንም ምላሳችሁን አላየም። ደማችሁን አይተው፣ መዝነው፣ ለአዋቂ 24 ፍሬ በሦስት ቀን ብለው ሰጡ።

ወደ እትዬ ልመለስ፤ ምክንያቱም አደጋው ያለው እሳቸው ጋ ነው።

«ቅጠል ምን ይጎዳል?» ነበር ያሉኝ። ቅጠል ይጎዳል። ያ ሽማግሌ ያልኩት ጋንጻኦ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ያወርዳል፤ ለልብ ሕመምተኛ ይህ ቀልድ አይደለም። ዳንሸን የሚባል ቀይ ሥር ለልብና ለደም ዝውውር ተብሎ በጣም ይታዘዛል፤ ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ግን ደሙን ከልክ በላይ ያቀጥነዋል። ለሴቶች በብዛት የሚታዘዘው ዳንግጉዊም እንደዚያው ይጠረጠራል። አኮኒት ረጅም ሰዓት ካልፈላ መርዝ ነው፣ ልብን ያዛባል። ኤፌድራ ልብና ግፊት ላይ ባመጣው ጣጣ አሜሪካ 2004 ላይ ከማሟያ ምግቦች ውስጥ አግዳዋለች።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው የቤልጂየሙ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ውፍረት መቀነስ የፈለጉ ሴቶች የቻይና ዕፅ ያለበት ክኒን ሲወስዱ ቆይተው ኩላሊታቸው መድከም ጀመረ። የተጎዱት ቁጥር ከመቶ አለፈ፤ ኩላሊት የተቀየረላቸው አሉ፣ በኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር የያዛቸውም አሉ። ምክንያቱ ሲጣራ ፋንግጂ የሚባል ስም ያላቸው ሁለት የተለያዩ ዕፆች ተምታተው ነው። አንዱ አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል ኩላሊት አጥፊ ነገር አለው። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሴቶች ምላሳቸውን ያየ፣ መልካቸውን የለየ የለም። ለሁሉም አንድ ክኒን ነበር፤ ያውም የምግብ ፍላጎት ከሚቀንሱ መድኃኒቶች ጋር ተደባልቆ። ስለዚህ የባህሉ ሰዎች «ይህ እኛን አይመለከትም» ይላሉ። ግማሽ እውነት ነው። በጥንቃቄ የለየ ሐኪምም ቢሆን መሳቢያው ውስጥ ያለው የተሳሳተው ሥር ከሆነ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ምልክት የሌለው፣ በቲክቶክና በቴሌግራም የሚሸጠውን «የቻይና ክኒን» ደግሞ ጭራሽ አትንኩ። ውስጡ ስቴሮይድ ወይም የታገደ የውፍረት መድኃኒት ተደብቆ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። «በአንድ ቀን ቁርጥማቱ ለቀቀኝ» የሚያሰኘው አብዛኛውን ጊዜ ዕፁ አይደለም።

እኔን ያ ሐኪም ከጠየቀኝ ሁሉ በኋላ ላይ ትዝ ያለኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩ። ያ ጥቅል የተቀመመው በዚያ «የለም» ላይ ነው። እትዬ ያንኑ ጥቅል ቢጠጡ እኔ «የለም» ያልኩትን ውሸት ያደርጉታል። ይህን ስላቸው ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያሉት።

የቻይና ሐኪም ጋ ለመሄድ ለሚያስብ፣ ጓንዡም ሆነ ሌላ አገር፣ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። የታዘዘልኝን ወረቀት ፎቶ አነሣለሁ፣ የዕፆቹ ስም በቻይንኛም በላቲንም እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ። ዝርዝሩን «ሚስጥር ነው» የሚል ካለ ተነሥቼ እወጣለሁ። የምወስደውን ክኒን ሁሉ በሳጥኑ ይዤ እሄዳለሁ። ነፍሰ ጡር፣ የሚያጠባ፣ ጉበት ወይም ኩላሊቱ የታመመ፣ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ዋና ሐኪሙን ሳያማክር ባይነካው ይሻላል። የታዘዘላችሁን ክኒን አቁማችሁ በዕፅ አትተኩ፤ በተለይ የደም ማቅጠኛ፣ የስኳር፣ የግፊት፣ የሚጥል በሽታ።

እትዬን በመጨረሻ «የሚወስዷቸውን ክኒኖች አንድ በአንድ ያንብቡልኝ» አልኳቸው። መነጽር ፈለጉ፣ አገኙ፣ አነበቡ። አራተኛው ላይ ኢናላፕሪል አሉ። «ይህ አዲስ ነው፣ ሦስት ወር ይሆነዋል ከጨመሩልኝ።» ኢናላፕሪል የግፊትና የልብ መድኃኒት ነው፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ራስዎ እንዳያቆሙት፣ ለሐኪምዎ ይንገሩ አልኳቸው። በቀጠሯቸው ቀን ነገሩ፣ ሐኪሙ በሌላ ቀየረላቸው፣ ሳሉም ከሦስት ሳምንት በኋላ ተዋቸው።

ትናንት ደወሉ። «ሳሉስ ለቀቀኝ፣ ተመስገን» አሉኝ። «ለጉልበቴስ ቢሆን ያ ቅጠል?»